የእይታ ሰንጠረዥ የማያሳየው የዓይን ጉዳት

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት፣ የእይታ ድክመትና የትራኮማ ጥናት በኢትዮጵያ የዓይን ሕክምና ታሪክ ከፍተኛ ሥፍራ አለው። የዓይነ ሥውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ መሆኑን፣ የመንስዔውንም ግማሽ ያህል የሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ከትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ እንደሚይዝ አመልክቷል። በአማራ ክልል ሕፃናት ላይ የመዘገበው 62.6 በመቶ ንቁ ትራኮማ ዘመቻው ወዴት ማተኮር እንዳለበት ለማሳየት ብቻውን ይበቃል። በዚህ ረገድ ጥናቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ደካማ ጎኑ የሚመነጨው ከመለኪያው ነው። መነሻው የእይታ መቀነስ ሲሆን፣ ስኳር በሬቲና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚጀምረው እይታ ሳይቀንስ ነው። በመጀመሪያ የጥቃቅኖቹን ደም ሥሮች ግድግዳ ደግፈው የሚይዙት ፔሪሳይት የተባሉ ሕዋሳት ይመናመናሉ፤ የግድግዳው ስስ መሠረታዊ ሽፋንም ይወፍራል። የላላው ቦታ ወደ ውጭ ያብጥና ማይክሮአኑሪዝም የሚባለው ቀይ ነጥብ ይፈጠራል። ከዚያም ደም ነጠብጣብ እየሆነ ይወጣል፤ ፈሳሽና ስብም ይሰርጋል። ማዕከላዊው የሬቲና ክፍል እስካላበጠ ድረስ ሕመምተኛው የሰንጠረዡን የመጨረሻ ረድፍ ሳይሳሳት ያመለክታል።

እንግዲህ ስኳር ያለበት የዋጃ ማሽላ ገበሬ በዚያ ሰንጠረዥ ፊት ቢቆም፣ ጤናማ ዓይን ካላቸው ጋር በተቆጠረ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ብሌን በመድኃኒት አስፍቶ ሬቲናን መመርመር ለቤት ለቤት ጥናት ከባድ በመሆኑ አጥኚዎቹን አጥብቆ መውቀስ አይገባም። ጥፋቱ ይበልጥ የሚያርፈው ሰንጠረዡ ላይ አለመታየትን በአገሩ እንዳለመኖር በሚቆጥሩ አንባቢዎች ላይ ነው። ስኳር የከተማ ባለጸጎች በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብም ለዚህ አነባበብ ያመቻል።

የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በአንደኛው ዓይነት ስኳር የተያዙና ሬቲናቸው ገና ያልተጎዳ ሰዎች ስኳራቸውን በጥብቅ ሲቆጣጠሩ የጉዳቱ መጀመር በ76 በመቶ ቀንሷል። በኋላ የሚመጣው ሌዘር ግን በአብዛኛው የቀረውን እይታ ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታው በታወቀበት ዕለት፣ በአንደኛው ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ሬቲና ይታይ የሚባለውም ስለዚሁ ነው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ተሳፍሮ ለመሄድ መኪናስ አይጠፋም። የሚቸግረው ዓይኑን ያላመመውን ሰው ሂድ ብሎ የሚልክ ባለሙያ ማግኘቱ ነው።