ምስክር ያጣ እሳት

በበጋ፣ ከደጋው ላይ ጭስ በታየ ቁጥር አንድ የለመድነው ጩኸት አለ። «ቅጣቱ ይጠንክር!» እንላለን። ማን ይቃወማል? እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለመሆኑ ቅጣቱ መቼ ላላና ነው?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542 ደን በእሳት ያወደመን ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ተተካበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ቃጠሎን በወንጀልነት ይዞታል። ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ነው በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ያስመጣነው። ያን ጊዜ ያጠረን ወደ ገደሉ መድረሻ ብልሃት እንጂ አንቀጽ አልነበረም።

እስቲ ነገሩን ወደ ላስታ እናምጣው። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አስታና ጓሳ የለበሰ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ደጋ ላይ በበጋ እሳት የሚለቀው ማነው? አዲስ ሣር ይበቅልልኛል ያለ ባለከብት፣ ማር ቆርጦ ችቦውን ሳያጠፋ የሄደ፣ ብርድ የጠናበት እረኛ ሊሆን ይችላል። እረኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ በወንጀል ሕጋችን መደበኛው ቅጣት አይነካውም። ታዲያ 15 ዓመቱን 30 ብናደርገው ለዚህ ልጅ ምን ይፈይዳል?

ትልቅ ሰው ከሆነስ? ያየው ጎረቤቱ ነው፤ አበልጁ ወይም የማኅበር ጓደኛው ነው። «የልጆቹን አባት 15 ዓመት ላሳስር?» ይልና፣ ሲጠየቅ «አላየሁም» ብሎ ይገላገላል። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ምስክሩ ይሸሻል። ዳኛው ፊት የሚቀርበው አመድ ብቻ ይሆናል።

ሆን ብሎ ደን ላነደደ ከባዱ ቅጣት ይቆይ። ለቸልተኛው ግን ቀበሌው፣ ሽማግሌውና ደብሩ ተስማምተው የሚያጸኑት፣ ትንሽ ሆኖ የማይቀር ቅጣት ይሻላል። ያቃጠለውን ይትከል፣ ለአንድ ዓመት ከግጦሹ ይከልከል፣ በቀጣዩ በጋ ጥበቃ ይውጣ። ለዚህ ጎረቤት ይመሰክራል። የመንዝን ጓሳ ለዘመናት ያቆየው ባለአገሩ ራሱ ያወጣውና ራሱ የጠበቀው ሥርዓት ነበር፤ ያ ሥርዓት የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እኮ፣ ተራራው ከነደደ በኋላ እስር ቤቱ እንዲሞላ አይደለም።