ሠዓሊና ሰዓሊ፦ ስለ ቃላት እርማታችን አንዳንድ ነጥቦች

የአንድን ጽሑፍ የቃላት አጠቃቀም መመርመር የሒስ አንዱ ተግባር መሆኑ አያከራክርም። አከራካሪው የትኛው ስሕተት ሊታረም፣ የትኛው ሊታለፍ ይገባዋል የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥያቄውን የሚያነሣው ባንድ ጸጥ ያለ ቅዳሜ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የተማሪዎችን ድርሰት ሲያርም ካጋጠመው በመነሣት ነው።

ከድርሰቶቹ አንዱ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዬ» የሚል ርእስ ነበረው። ተማሪዋ ሐይቅ በእርሳስ ስትሥል፣ የውኃውን ብርሃን የሚሰጣት የሠራችበት ሳይሆን ሳትነካ የተወችው ወረቀት መሆኑን ትገልጻለች። እኔም «ሰዓሊ» የሚለውን ሰባት ጊዜ በቀይ ብዕር ወደ «ሠዓሊ» ለወጥሁ፤ ስለ ብርሃኑ ግን አንድ ቃል አልጻፍሁም።

እርማቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በግእዝ ሠዐለ ማለት ሥዕል ሠራ፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ ማለት ነው፤ ሥዕልና ስእለት የተለያዩት በዚህ ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላትም የፊደላቱን ልዩነት ጠብቀዋል። ለቃል ታሪክ ይህ ጥበቃ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ ንግግር የሠና የሰ ድምፅ አንድ ከሆነ ቈይቷል፤ እርሳስ የያዘችውን ልጅ ለማኝ ናት ብሎ የሚሳሳት አንባቢም አይኖርም።

በአንጻሩ ሳልነካው ያለፍሁት ርእሱን ነው። «ማሳለፊያ» ጊዜን እንደ ሸክም፣ ሥዕልን እንደ ማራገፊያ ያስቈጥራል። በዚያው ዕለት ከሐይቁ ዳር አክርማና አለላ ይዘው መሶብ የሚሰፉ እናት አግኝቼ፣ «እማማ፣ ይኸ የትርፍ ጊዜዎ ማሳለፊያ ነው?» ብላቸው፣ «ትርፍ ጊዜ ማን አለው ልጄ? ቢኖረኝስ ስለ ምን አሳልፈዋለሁ?» አሉኝ። ተማሪዋም ብትጠየቅ ከዚህ የራቀ መልስ የምትሰጥ አይመስለኝም፤ ድርሰቷ ራሱ ርእሱን ይቃወማልና።

«የሳምንት መጨረሻ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እሑድ ከአሐዱ የወጣ፣ አንደኛ ቀን ማለት ሲሆን፣ ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። እሑድን መጨረሻ ስንል አቈጣጠሩን የምንወስደው ከሥራ ቀን እንጂ ከስሙ አይደለም። «ቅዳሜና እሑድ» ማለት ይበቃ ነበር።

ከአርዲቦ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስም የሚታወቀው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል (1280/81 እ.ኤ.አ.) በሥዕል ያጌጠ ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐም ምስል አለበት። በእንዲህ ያለው ብራና ላይ ሠዐለና ሰአለ፣ ሥዕልና ጸሎት፣ ጐን ለጐን ይገኛሉ። ከሁለቱ አንዱንም ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ የሚጠራ አይኖርም።

እንግዲህ ከላይ የተነሡት ነጥቦች ፊደል አይታረም ወደሚል መደምደሚያ አያደርሱም። የሚያመለክቱት ቅደም ተከተልን ነው፤ አሳብን የሚያዛባ ቃል ከሁሉ አስቀድሞ፣ የቃልን ታሪክ የሚያደበዝዝ ፊደል ቀጥሎ ሊታረም ይገባል። ጽሑፉ ያየውን ነገር አይቶ ማመስገን ግን ከሁለቱም ይቀድማል። እኔም ወረቀቱን ከመመለሴ በፊት በኅዳጉ ላይ ስለ ብርሃኑ ጻፍሁ፤ ሰባቱን ቀይ ምልክቶች ግን ማጥፋት አልተቻለኝም።