በሰው እርሻ መሀል የሚያልፍ መንገድ

የእንግሊዝን ገጠር ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጥንታዊ ቤተ መንግሥትና ለአትክልት ሥፍራ መግቢያ ይከፍላል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በነፃ የሚገኘው የእግር መንገድ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፤ የማለፍ መብቱ ግን የሕዝብ። መንገዱ ስንዴውን ሰንጥቆ፣ በጎቹን አልፎ፣ አንዳንዴም በሰው ግቢ በኩል ያሳልፋል፤ ከልካይ የለም። ቢጫውን ቀስት መከተል ብቻ ነው።

በጣም የምወደው በመንገዱ ላይ የሚገጥመውን በር ነው። መዝጊያው የሚወዛወዘው በግማሽ ክብ አጥር ውስጥ ነው፤ ሰው ገባ ብሎ፣ መዝጊያውን አሳልፎ፣ በሌላው ጎን ይወጣል። ላም ግን መታጠፊያ አታገኝም። ቁልፍ የለ፣ ዘበኛ የለ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

በገጠር እንደ ልብ የመንቀሳቀስ መብት ግን ሁሉም በስጦታ አልተገኘም። በ1932 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለአደን ተከልሎ የነበረውን የኪንደር ስካውት ተራራ ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የወጣው ሕግ የሕዝብ መንገዶች በካርታ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ ተራራውም ያለበት ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ለንደን ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ በባቡር ወደ ቦክስ ሂል ውጡ። ሞል ወንዝን በድንጋይ መረማመጃው ተሻግራችሁ ሽቅብ ነው። ጠንካራ ጫማ አድርጉ፤ ጭቃው የዋዛ አይደለም።