የርዕስ ኅብረ ቃል፦ በቅርቡ ስለተመለከትኳቸው አራት የስክሪን ሥራዎች ጥቂት አስተያየት

ያለፈውን የክረምት ዕረፍት ያሳለፍኩት ከዚህ ቀደም በጥድፊያ አይቼ የተውኳቸውን ሦስት ፊልሞችና አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ረጋ ብዬ በመመልከት ነበር። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ የካሜራን አያያዝ ወይም የብርሃንን አጣጣል ለመተንተን ዕውቀቱ የለኝም። ሙያዬ ሥነ ጽሑፍ፣ ይልቁንም ሥነ ቃል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው አስተያየት አንድ የቅኔ ነገር የሚወድ ሰው ስክሪን ፊት ተቀምጦ የታዘበው እንጂ የፊልም ጥናት እንዳልሆነ አንባቢ ከወዲሁ እንዲረዳልኝ እጠይቃለሁ።

የተመለከትኳቸው ሥራዎች «ሰው ለሰው»፣ «ጤዛ»፣ «ቁራኛዬ» እና «ድፍረት» ናቸው። በአሠራርም ሆነ በጭብጥ የሚገናኙ አይደሉም። እኔን ያገናኙብኝ በርዕሳቸው ነው፤ አራቱም ርዕሶች ሰምና ወርቅ አላቸው። ለተማሪዎቻችን ዘወትር እንደምንነግራቸው ኅብረ ቃል ሁለት ነገር በአንድ አፍ የሚናገር ቃል ነው። ባለቅኔው ኅብሩን አስቀምጦ ዝም ይላል፤ መፍታት የሰሚው ድርሻ ነው። ቅኔውን ተቀኝቶ ሲያበቃ ራሱ ቆሞ ወርቁን የሚያብራራ ሰው በጉባኤው ፊት መሳቂያ ይሆናል። ፊልምስ? ርዕሱ ላይ ኅብር ያስቀመጠ ፊልም ወርቁን በትዕይንት ያወጣዋል ወይስ ገጸ ባሕርያቱን አቁሞ ያስተነትነዋል? ሁሉንም የመዘንኳቸው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየ፣ ብዙ ቤተሰብ ራቱን በድራማው ሰዓት ልክ እንዲያስተካክል ያደረገ ሥራ ነው። ርዕሱ የተቆረጠ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። «ሰው ለሰው» ሲባል ሰምቶ «መድኃኒቱ» የሚለውን በልቡ የማይጨምር አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ደራስያኑ ግን ማሰሪያውን ቆርጠው ስፍራውን ባዶ ተዉት፤ ባዶውን ስፍራም አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ሞላው። ያኔ አብራኝ ትመለከት የነበረች አክስቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ተረድታው ኖሯል። አንድ ምሽት አስናቀ በለሰለሰ አንደበት ሰው ሲያጠምድ አይታ፣ «አንተ ልጅ፣ መድኃኒቱ ነው የሚባለው አይደል? እነዚህ መርዙን ነው የሚያሳዩን!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ድራማ ከዚህ የተሻለ ሂስ አልሰማሁም።

ድክመቱ የዚህ ድራማ ብቻ ሳይሆን የተከታታይ ድራማዎቻችን ሁሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሰዎች ሁለቱም አሳምረው የሚያውቁትን ነገር፣ ያለፈው ሳምንት ክፍል ላመለጠው ተመልካች ሲሉ እንደ አዲስ ይነጋገሩታል። የሬዲዮ ድራማ ልማድ ይመስለኛል። በሬዲዮ በሩ መከፈቱ ካልተነገረ አይታወቅም፤ በቴሌቪዥን ግን በሩ ሲከፈት እናያለን። አስናቀ ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ይልቅ በሕዝብ አእምሮ የተቀረጸውም፣ በእኔ ግምት፣ በክፋቱ ብቻ ሳይሆን አንደበቱ የሚናገረው አንድ፣ ዓይኑ የሚናገረው ሌላ ስለነበር ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከዚህ ፍጹም የራቀ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት ወስዷል። ታሪኩ ጀርመን አገር የተማረው አንበርብር እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተበጣጥሶ፣ ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ ይጀምርና በምልሰት ወደ ኋላ ይጓዛል። የርዕሱ ሰም የማለዳው ጠል ነው። ወርቁ ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ የረገፈው ትውልድ ነው፤ ሌሊት ሙሉ የተጠራቀመ፣ በማለዳ ያብለጨለጨ፣ ረፋዱ ላይ የት እንደገባ ያልታወቀ። «ጤዛ ልሶ፣ ድንጋይ ተንተርሶ» የሚለውን አነጋገር ለሚያውቅ ሰው ሦስተኛ ፍች አለው፤ ስለ አንድ ዓላማ መከራ የተቀበለ ሰው ቀለብም ጤዛ ነውና።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ የጀርመኑ የተማሪዎች ስብሰባና ክርክር አሰልችቶኝ ነበር። ሰዎቹ የሚነጋገሩ ሳይሆን መግለጫ የሚያነቡ ይመስላሉ። አሁን ግን ያ ጉድለት ሆን ተብሎ የገባ መሰለኝ። በፊልሙ ውስጥ ሁለት አማርኛ አለ። አንዱ የእናትየው ነው፤ ጥቂት ቃል፣ ብዙ ትካዜ፣ ልጄን ምን አገኘብኝ ብሎ ወደ ጠበል የሚወስድ። ሌላው የስብሰባው ነው፤ ወዝአደር፣ ርዕዮተ ዓለም፣ ግለ ሂስ እያለ ከመጽሐፍ ተተርጉሞ ገና አፍ ያልሟሸ። አንበርብር በሁለተኛው አማርኛ አድጎ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ መናገር ያቅተዋል። ከእናቱ ጋር ተቀምጠው የሚያሳልፉት ዝምታ ከክርክሩ ሁሉ በላይ ስለዚያ ትውልድ ይናገራል። ይህን ካልኩ በኋላም ቢሆን ክርክሩ ረዝሟል የሚለውን አስተያየቴን አልሰረዝኩም፤ ግማሹ ይበቃ ነበር።

ወደ «ቁራኛዬ» ልለፍ። የሞገስ ታፈሰ ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ለዕይታ የበቃ ነው። ከአራቱ ርዕሶች እኔን እጅግ ያስደሰተኝ ይህ ነው። ቁራኛ በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ባለዕዳ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ፣ ሲብስም በሰንሰለት እርስ በርስ ተሳስረው የሚቆዩበት ደንብ ነው። ሥርዓቱ ቢቀርም ቃሉ አልሞተም፤ ዛሬም በሽታ የጣለውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። ልብ በሉ፤ በዚህ አነጋገር በሽተኛው ከአልጋው ጋር እኩል ታስሯል። በቁራኛ ማን እስረኛ፣ ማን ጠባቂ እንደሆነ አይለይም። ደራሲው በዚህ ላይ «ዬ»ን ጨመረበት። ጌታዬ፣ ጓደኛዬ የምንልበት የመቅረብና የፍቅር ምዕላድ ነው። ጠላትን «ቁራኛዬ» ሲሉት ከ«ጓደኛዬ» ጋር ቤት ይመታል። በአንዲት ፊደል የፊልሙ ጭብጥ ሁሉ አለቀ ማለት ይቻላል።

ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መባቻ ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ የሚወዳት ልጅ ለባለጸጋ ተድራበት፣ ከባልየው ጋር ተካሶ፣ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ፍርድ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ፊልሙ በሰንሰለቱ ላይ ሲያተኩር ግሩም ነው። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ቢሰናከል ሌላውም ይወድቃል፤ አንዱ ካልተኛ ሌላውም እንቅልፍ የለውም። የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች የአንድ ሰው ያህል ተስማምተው መራመድ ይኖርባቸዋል። ይህን የሚያብራራ ቃል አያስፈልግም፤ የብረቱ ድምፅ ይበቃል። ርዕሱ የገባው ቃል በእግር መንገድ ይፈታል፤ እንዲህ ያለ ነገር በፊልሞቻችን ብዙ አላየሁም።

የማልስማማው በንግግሩ ላይ ነው። ተማሪው በሰምና ወርቅ ቢናገር ሙያው ነው፤ ባላንጣውም በልሃ ልበልሃ ሲል ያደገ ሰው ነውና አንደበቱ ቢሰላ አይደንቅም። ነገር ግን በመንገድ የሚያጋጥመው ሰው ሁሉ ምሳሌ የሚያዘንብና ቃል የሚያሳምር ሲሆን ጆሮ ይደክማል። የድሮ ሰው ሁሉ ሊቅ አልነበረም። ገበያ መሄዱን፣ ከብት መጥፋቱን፣ ውኃ መጥማቱን ተራ በሆነ አማርኛ የሚናገር አንድ ሁለት ሰው ቢገባ ኖሮ የተማሪው ቅኔ ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። ይህ የታሪክ ልቦለዶቻችንም የቆየ በሽታ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

አሁን ብዙ ወዳሰብኩበት ልምጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጥይት ትገድላለች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ይቆምላትና ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ በነፃ ትሰናበታለች። በጊዜው ሥራ ላይ የነበረው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ያደረገ ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው።

ድፍረት የሚለው ቃል ጀግንነትም ነው፤ መደፈርም ነው። ሕጉ ራሱ ወንጀሉን «አስገድዶ መድፈር» ይለዋል። ሦስተኛም ፍች አለው፤ ታላቅ ሰው ፊት ስንናገር «ድፍረት አይሁንብኝና» የምንለው፣ ከልክ ማለፍ። ፊልሙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍቾች አውቆ ይጫወትባቸዋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በፊልሙ ሂሩት የተባለችው ልጅ ጠመንጃውን አንሥታ ሮጣ፣ የሚያሳድዷትን ወንዶች ዞራ ስትገጥም። የተደፈረችውም የደፈረችውም እሷ ናት። ክንዷ ይንቀጠቀጣል፤ አፈሙዙ ግን ወደ ወንዶቹ ነው። ኅብረ ቃሉ እዚያ ላይ ተፈታ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወደ ከተማ፣ ወደ ቢሮና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ሰሙና ወርቁ ለሁለት ሰው ተከፈለ። ጀግንነቱ ለጠበቃዋ ሆነ፤ መደፈሩ ለልጅቱ ቀረ። ንግግሩም ሳሳ። በቢሮው ትዕይንቶች ጠበቃዋና ባልደረቦቿ ስለ ሴቶች መብት የሚነጋገሩት አንዱ ለሌላው ሳይሆን ለውጭ አገር ተመልካች ይመስላል። በአንጻሩ አዛውንቶቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው በነገሩ ላይ የሚፈርዱበት ሸንጎ ሕይወት አለው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ዝም ይላል፤ የሟች ወገን ደሙን፣ የልጅቱ አባት ልጁን ያነሣል፤ ቃል ይመዘናል። እንደ ሥነ ቃል ተመራማሪ በአነጋገሩ ተማርኬ ስሰማ ቆይቼ ድንገት ያስተዋልኩት ነገር ደነገጠኝ። ስለ እሷ ይህ ሁሉ ያማረ ቃል ሲነገር ልጅቱ እዚያ የለችም፤ ከተቀመጡትም መካከል ስለ እሷ የሚናገር ሴት ድምፅ አልነበረም። እኔም ለደቂቃዎች ያህል አልናፈቀችኝም ነበር። ፊልሙ ይህን ያደረገብኝ ያለ አንዲት ማብራሪያ ነው፤ እጅግ አከብረዋለሁ።

ይሁን እንጂ ያንኑ ጥያቄ ወደ ፊልሙ ራሱ ማዞር የሐያሲ ግዴታ ይመስለኛል። በፊልሙ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ተብላ ትጠራለች፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ናቸው። የልጅቱ ስም ግን ተለውጧል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ፤ ባለታሪኳ፣ በዚያን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት፣ ታሪኳ ያለ ፈቃዷ መወሰዱን ገልጻ አቤት ብላ ነበርና። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ተቆጥተን ነበር፤ ለሴቶች የቆመ ፊልም ለምን ይታገዳል አልን። በዛፉ ጥላ ሥር እንደተቀመጡት አዛውንቶች እኛም እሷ በሌለችበት ፈረድን። ድፍረት አይሁንብኝና፣ የቃሉ ሦስተኛ ፍች እዚህ ላይ የሚነሣ ይመስለኛል። ፊልም ሠሪዎቹ ክፉ አስበዋል ማለቴ አይደለም፤ ሥራቸው ብዙ ሰው ስለ ጠለፋ እንዲናገር አድርጓል። ግን ስም ለማን ይቀራል፣ ከማንስ ይነሣል የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ከደራሲው እጅ ሲወጣ የታየበት ዕለት ነበር።

ፊልሙን ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አሳይቼ ስንወያይ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ፣ በሰሙ ዐምድ «መደፈር»፣ በወርቁ ዐምድ «ጀግንነት» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ልጅቱ ለምን በስሟ አልተጠራችም?» አለችኝ። ከሐሜት ሊጠብቋት አስበው ይሆናል አልኳት። «ጠይቀዋት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥላም ወደ ሰሌዳው እያመለከተች፣ «መደፈሩስ ለምን ሰም ሆነ? ሰም እኮ ቀልጦ የሚጠፋው ነው» አለች። ሁለቱን ቃላት አጥፍቼ ቦታቸውን አቀያይሬ ጻፍኳቸው። እንደዚያም ልክ አልመጣም። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሌላ መምህር ስለነበር ሰሌዳውን እንዳለ ትቼው ወጣሁ።