ቀጥተኛው መስመር በቁጥር ሲገለጥ

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1637 ዓ.ም. ጂኦሜትሪ ብሎ ባሳተመው ድርሳን፣ የአገሩ ሰው ፒዬር ደ ፌርማም በዚያው ዘመን በበኩሉ ባደረገው ምርምር፣ ለብዙ ምእት ዓመታት ተለያይተው የኖሩት ሥዕልና ስሌት ተዋሕደው፣ በኅሊና ብቻ ይመረመር የነበረው የቁጥር ምሥጢር በዓይን የሚታይ ሆነ፤ ከዚህም ተዋሕዶ ፍሬዎች ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ትሑቱን፣ ማለት የቀጥተኛውን መስመር አሣሣል ነው።

2ሀ + 3ለ = 12 የሚለውን እኩልዮሽ እንውሰድ፤ «ሀ» በአግድሙ፣ «ለ» በቋሚው ዘንግ ይለካሉ። «ለ» ዜሮ ሲሆን «ሀ» 6፣ «ሀ» ዜሮ ሲሆን «ለ» 4 ይሆናልና መስመሩ ሁለቱን ዘንጎች የሚቆርጥባቸው ነጥቦች ወዲያው ይገኛሉ፤ በሁለት ነጥቦች ላይም ከአንድ በላይ ቀጥተኛ መስመር ሊያልፍ ስለማይችል፣ ማስመሪያውን አጋድሞ እርሳሱን መሳብ ብቻ ይቀራል። ጠንቃቃ ተማሪ ግን ሦስተኛ ነጥብ ለምስክርነት ይጠራል፦ «ሀ» 3 ሲሆን «ለ» 2 ነውና፣ ይህ ነጥብ ከተሰመረው መስመር ላይ በትክክል ሲያርፍ የሚሰማው ደስታ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ የእውነተኛ ዕውቀት ደስታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ተዳፋቱ ነው፤ ወደ ቀኝ 3 በሄድን ቁጥር 2 እንወርዳለን፣ ይህም ሕግ በወረቀቱ ጠርዝ ሳይወሰን እስከ አእላፋት ርቀት ቅንጣት ሳይዛነፍ ይጸናል፤ ስለዚህ -2/3 የምትባለው አንዲት ክፍልፋይ፣ አንድ ነጥብ ብቻ ቢታከልላት፣ ፍጻሜ የሌለውን መስመር ምሉእ አድርጋ ትወስነዋለች።