አንድ ስፌት የጎደለው ጥርስ

ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ፣ ጠረጴዛው ላይ መሶብ ተቀምጧል። የአንዲት ተማሪ አያት የሰፉት ነው። መምህርቷ ስለ ባህል አንድም ቃል ሳትናገር ክዳኑን ገለበጠችና «የት ነው የተጀመረው?» አለች። የአራተኛ ክፍል ልጆች ተጋፍተው አጎነበሱ። መሀሉ ላይ ከሽንብራ ፍሬ የማትበልጥ የሣር ቋጠሮ አለች። አንድ ልጅ ጣቱን እሷ ላይ አሳርፎ ስፌቱን ይከተል ጀመር። ዞረ፣ ዞረ፣ ጠርዙ ላይ ደረሰ፤ ጣቱን አንዴም አላነሳም። ክዳኑ በሙሉ አንድ መስመር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሶብ በልቻለሁ፤ ይህን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አያትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ክረምት ሲወጣ የተለቀመ ስንደዶ፣ አክርማ፣ ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ፣ ውሃ የያዘ ጣሳ፣ አንድ ወስፌ፤ ዕቃቸው ይኸው ነው። ሣሩ በደረቁ ይሰበራልና ውሃ ያስነኩታል። ወስፌው ያለፈውን ዙር ይበሳል፣ መጠቅለያው ሣር በቀዳዳው ያልፋል፣ ይሳባል። ሙያው ያለው እዚህ መሳቡ ላይ ነው፤ ከላላ ስፌቱ ይከፈታል፣ ከጠበቀ ሣሩ ይሰነጠቃል። ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነው፤ ልኩን የሚያውቀው አውራ ጣታቸው ነው። መጠቅለያው ሲያልቅ ጫፉን በተጠቀለለው የሣር እስር ውስጥ ይቀብሩታል። የተቀጠለበትን ቦታ በጥፍሬ ፈልጌ አጣሁት።

ከዚያ ቆጠራው መጣ። በጠርዙ ዙሪያ ስምንት የአለላ ጥርሶች አሉ። ክቡ በሰፋ ቁጥር ስፌቱ ይበዛል፤ ጥርሶቹ እኩል እንዲራራቁ ደግሞ የሚጨመረው ስፌት ለስምንቱም መዳረስ አለበት። አያትየው ይህን የሚያካፍሉት ያለ ወረቀት፣ ያለ ማስመሪያ ነው።

የመሶብ ሥዕል ከመጽሐፍ ላይ መገልበጥ ለመምህር ይቀላል። ነገር ግን በሥዕል ላይ ጣት ሰዶ መነሻውን መፈለግ አይቻልም። የአዲስ አበባ መምህር ልጆቹን አፍሪካ አዳራሽ ወስዶ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የማሳየት ዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ የገጠሩ መምህር ደግሞ ባለሙያዋ ጎረቤቱ ናት። የሚያስፈልገው ረዘም ያለ ክፍለ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የሚያስለምድ ሥልጠና፣ ለባለሙያዋም የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ክፍያው ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ባለሙያ ጠርቶ በባዶ እጅ መሸኘት ሙያው ዋጋ እንደሌለው ለልጆቹ ማሳየት ነው።

«መምህር፣ ይሄኛው 20 ነው!» አለች የየጥርሱን ስፌት ስትቆጥር የነበረች አንዲት ልጅ። ሌሎቹ ጥርሶች ግርጌያቸው ላይ 21 ስፌት አላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

መምህርቷ ወደ አያትየው ዞረች፤ «እማማ፣ ልክ ናት?»

ክዳኑን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት። «ልክ ናት ልጄ። እዚች ላይ ስደርስ ለቅሶ ተጠርቼ ጥዬው ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ቆጠራው ጠፍቶኛል።»

መምህርቷ ደብተር አስወጣቻቸው። ያችን አንዷን ጥርስ ብቻ፣ ከ20 ስፌቷ ጋር፣ እንዲስሉ አዘዘች።