የታሰረውን መጠየቅና የተበደለውን መርሳት

የታሰረን ሰው መጠየቅ በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ እናት ለታሰረ ልጇ ስንቁን ይዛ ወደ ወህኒ ቤቱ በር ስትሄድ፣ በዘበኛውም ፊት አስቀድማ ቀምሳ ስታቀብል ማየት የተለመደ ነው። የቢቸናም ሰው፣ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ታስረው በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መሞታቸውን እስከ ዛሬ በሐዘን ስለሚያነሣ፣ የታሰረ ሁሉ ክፉ ነው ብሎ አይፈርድም። አዲስ የሆነው፣ እስረኛን የሚረዱና የፍትሕ አሠራር እንዲሻሻል የሚጥሩ ማኅበራት መቋቋማቸው፣ የተማሩ ወጣቶችም ለልምምድ፣ በዛሬ አነጋገር ለኢንተርንሺፕ፣ ወደነዚህ ማኅበራት መሄዳቸው ነው። ይህን ሥራ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ነቀፌታ የሌለበት ምስጋና ሥራን ስለማያሳድግ ጉድለቱንም ልናገር እወዳለሁ።

የማኅበራቱ መንገድ ቀና አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከመቶ 10 እጅ የሚበልጠውን ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብትና በፍትሕ አሠራር ጉዳይ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ በውጭ ርዳታ የሚተዳደሩት ማኅበራት ለእስረኛው ብርድ ልብስና መጽሐፍ ማቀበል ቢችሉም፣ «የዚህ ሰው ጉዳይ ስለ ምን ዘገየ?» ብለው መሟገት አልተፈቀደላቸውም። ይህ ክልከላ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። እንግዲህ መጠየቅ ከተፈቀደ፣ ጥያቄው ሙሉ እንዲሆን መመኘት ተገቢ ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዲቱ እንዲህ ባለ ማኅበር ሦስት ወር ተለማምዳ፣ ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ እስረኞች የጻፈችውን ሪፖርት አይቼ እንድተችላት ላከችልኝ። ጽሑፉ ብዙ መልካም ነገር አለው። ጠያቂ የሌላቸውን እስረኞች ለይታ ጽፋለች፤ ቀጠሮ በምን ምክንያት እንደሚራዘም መዝገብ እያገላበጠች ተከታትላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ማዘዙን አስታውሳ፣ የተጻፈውን ከሚሠራው ጋር አስተያይታለች። ይህን ሁሉ ስሜት ሳያሸንፋት መጻፏ ያስመሰግናታል።

ጉድለቱ የሚታየው ስለ አንድ ገበሬ በጻፈችው ምዕራፍ ነው። ይህ ሰው በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን የገደለ ነው። በማረሚያ ቤት ፊደል ቆጥሯል፤ ሽመና ተምሯል፤ ከቅጣቱም ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሟል። ስለዚህ «ታርሟልና በአመክሮ ይፈታ» ብላ ትደመድማለች። እኔም ይፈታ እላለሁ። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 ለአመክሮ የሚጠይቀው የጊዜን መፈጸምና የጠባይን መሻሻል ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛው ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱንም ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ሁለቱን ጠቅሳ ሦስተኛውን ዘለለችው። በሪፖርቱ ውስጥ የሟቹ ቤት የለም። ሚስቱ መሬቱን ለማን ሰጥታ እንደምታሳርስ፣ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ልጁም ዛሬ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አንድ መስመር አልተጻፈም።

ይህን ብነግራት፣ «ጋሼ፣ ማኅበሩ የቆመው ለእስረኛው እኮ ነው» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔም የምልሽ ለእስረኛው ብዬ ነው» አልኋት። ሰውዬው ሲፈታ የሚመለሰው ወደዚያው ወሰን፣ ወደዚያው ገበያና ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደም ሳይደርቅ የተፈታ ሰው ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ከቤቱ መውጣት ይፈራል። እርሱ ቢገደል ደግሞ የሟቹ ልጅ በተራው ወደ ወህኒ ይገባል፤ ማኅበሩም አንዱን አስፈትቶ ሌላውን ይቀበላል። ፍርድ ቤት ይቀጣል እንጂ አያስታርቅም። አባቶቻችን ሽማግሌ ልከው፣ ካህናት መስቀል ይዘው፣ የገዳይ ወገን ካሳ ከፍሎ፣ የሟች ወገንም በመሐላ ቂሙን ትቶ ደም ሲያደርቁ የኖሩት ስለዚህ ነው።

እርግጥ ሽምግልናም ነቀፌታ አለበት። ካሳውን ወንድማማቾች ተስማምተው ይቀበሉና፣ መበለቲቱን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት የማይገኝበት ጊዜ አለ። አንዳንዴም እርቁ የፍርድ ማምለጫ ይሆናል። የተማረች ተለማማጅ የምታስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሽማግሌው ያልጠየቀውን ልትጠይቅ፣ መበለቲቱ የተናገረችውንም ልትጽፍ ትችላለችና።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ለመለማመድ ስትሄዱ ሁለት በር እንዳለ አትዘንጉ፤ አንዱ የወህኒው በር፣ ሁለተኛው የተበደለው ሰው በር ነው። በመጀመሪያው በር የሚገቡት ብዙዎች ናቸው፤ ፎቶግራፍ ይነሡበታል፤ የምስክር ወረቀትም ያገኙበታል። በሁለተኛው በር የሚጠብቃችሁ ቁጣ ወይም ዝምታ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አንኳኩ። «ለገዳይ የሚከራከር መጣ» ብለው ቢመልሷችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀጠሮ ከሰጣችሁ አታጥፉ፤ የልምምዳችሁ ወራት ሲያልቅም የጀመራችሁትን ለሚተካችሁ በጽሑፍ አስረክቡ። የእስረኛውን ስምና የመዝገብ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ረዳት፣ የሟቹንም ልጅ ስም ማወቅ ይገባዋል።